ዓለምነው ያልጨረሰው ፊልም

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለለተሥላሴ፣ ቤይሩት

ከሁሉ አስቀድሜ የሰማይና የምድር ጌታ ከክፉ ዓይንና ከድንገተኛ ሕመም ይጠብቅሽ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽን ቅዳሜ ገበያ አግኝቻት ነበር። ድንች ጭና ከጉና ወርዳ ነው። ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አያትሽና አባቴ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ሰው ሩቅ ዘመድ ይለዋል። አንቺ ግን ለትምህርት ከጉና ወርደሽ አንድ ዓመት እኔ ቤት ስለተቀመጥሽ ሩቅ አልልሽም። በስልክ መናገር አልችልም፤ የሰው ድምፅ ከሩቅ ስሰማ አፌ ይያዛል። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ጎረቤቴ ዓለሚቱ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ኔትወርክ ሲገኝ ትልክልሻለች። አንቺም በወረቀት ጻፊና እንዲሁ አድርጊ። ከስልኳ ላይ ወደ ደብተር ገልብጬ አነበዋለሁ።

የጻፍሁበትን ምክንያት ልናገር። ልጄ ዓለምነው በሰኔ እንዳረፈ ሰምተሻል። ታመመ፣ በሳምንቱ ሄደ። ፊልም ወደ አማርኛ እየመለሰ በድምፁ ይቀዳ እንደነበር ታውቂያለሽ። የፈረንጅ የፍቅር ፊልም ነው፤ የሚያስቀው ዓይነት፤ ሰው በበዓል ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሚያየው። የሁሉንም ድምፅ እሱ ብቻውን ያወጣዋል፤ የወንዱንም፣ የሴቲቱንም፣ የሕፃኑንም። ሙላቴ የሚባል ባለሱቅ በፍላሽና በሚሞሪ እየሞላ ይሸጥለት ነበር።

አሁን ልጁ የለም፤ ድምፁ በየቤቱ አለ። ዓለሚቱንና እኔን የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ለመስቀል ዘመዶቿ መጥተው አንዱን ፊልም ከፈቱት። ምን እንደሚል አይለይም፤ እሱ መሆኑ ይለያል። ሲስቁም ይሰማል። እኔ በዚህ በኩል ጥቁሬን ለብሼ ተቀምጬ ነበር።

ዓለሚቱን ነግሬያት ትታለች። ሙላቴም እስከ ሙት ዓመቱ እንዳይሸጥ ብለምነው እሺ ብሏል። ሰሞኑን ደግሞ ከቤይሩት የተመለሰችው እቴነሽ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ እናንተም እሑድ እሑድ ተሰብስባችሁ የሱን ፊልም እያያችሁ እንደምትስቁ አጫወተችኝ። ደስ የሚለኝ መስሏት ነው። የምለምንሽ እስከ ሙት ዓመቱ እንድትተዉት ነው። ሌላ ፊልም የሚጠፋ አይመስለኝም።

መድኃኔ ዓለም በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

ፈንታነሽ

•

ቤይሩት
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለእትዬ ፈንታነሽ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የዓለምነውን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለአንቱም ብርታቱን ይስጥዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የእጅ ጽሕፈትዎን አወቅሁት፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ደብተሬ ላይ ስሜን የጻፉልኝ አንቱ ነበሩ።

እውነት ነው፤ እናይ ነበር። ከአገር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተናል፤ እሑድ ዕረፍት ስለሆንን እዚያ እንገናኛለን። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ እዚህ ቴሌቪዥኑ በሙሉ የፍቅር ፊልም ነው። ማዳሞቻችን ሶፋ ላይ ሆነው ያያሉ፤ እኛ ልብስ እያጣጠፍን በጎን እናያለን። እሑድ ደግሞ ያንኑ ዓይነት በዓለምነው አፍ እንሰማዋለን።

ካረፈ በኋላ ማየታችንን በክፋት አይውሰዱብን። ከይፋግ የመጣችው የምስራች በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ መርዶውን ስነግራት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለቅሶ የተቀመጥነው ፊልሙን ከፍተን ነው፤ ሌላ የሱ ነገር በእጃችን አልነበረም። መጀመሪያ አለቀስን። የሚያስቀው ቦታ ሲደርስ ሳቅን። አፍረን ዘጋነው፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግመን ከፈትነው።

አሁን እንዳሉት ትተነዋል። የምስራች ፍላሹን ከፍራሿ ሥር አድርጋዋለች። ባለፈው እሑድ ሌላ ፊልም ከፍተን ነበር፤ ማንም አልጨረሰውም። አንዷ ጥፍሯን ቀባች፣ አንዷ ተኛች።

ድፍረት አይሁንብኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንቱ ከፊልሞቹ አንዱን ቁጭ ብለው አይተው ያውቃሉ?

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ለተሥላሴ

•

ደብረ ታቦር
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለለተሥላሴ

ያስቀመጠሽ አምላክ አሁንም በጤና ያቆይሽ። ቃሌን ስላከበርሽልኝ አመሰግንሻለሁ። የምስራች ለምትባለዋ ልጅም ሰላም በይልኝ፤ ሳታውቀው ስላለቀሰችለት።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አንድም አላየሁም ነው። የፈረንጅ ፊልም ደስ አይለኝም፤ ሲሳሳሙ የት እንደማይ አላውቅም። እሱም ነይ እዪ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ “እማ፣ አንቺ ባታዪው ይሻላል” ብሎኝ ሳቀ። ለምን አላልሁትም።

ሲሠራ ግን አውቃለሁ። ጓዳውን ብርድ ልብስ በምስማር መትቶ አለበሰው። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ነው። ከመጀመሩ በፊት ዶሮዎቹን ከግቢ አስወጣለታለሁ። በሙቀጫ አልወቅጥም። አንዴ በሴት ድምፅ ሲያለቅስ ሰምቼ ደንግጬ በሩን ከፍቼ ገባሁ። “እማ፣ ልቅሶዋን አበላሸሽብኝ፤ አሁን እንደገና ማልቀስ አለባት” አለኝ። ተመልሼ ወጣሁ። እንደገና አለቀሰች። በሁለተኛው የተሻለ ያለቀሰች መሰለኝ።

አሁን ጓዳው እንደነበረ ነው። ብርድ ልብሱን አላወረድሁትም።

የምጠይቅሽ ይህን ነው። በግድግዳው በኩል የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው፤ ቃሉን አይደለም። ሰው የሚስቀው በምኑ ነው? ዓለሚቱን ብጠይቃት እንዳላስታወሰች ሆና ወጥ ልታማስል ገባች። ፊልሙን ክፈቺው ማለቴ አይደለም። ከምታስታውሺው ጻፊልኝ። ከነገ ጀምሮ ጾም ነው፤ ቀኑ ረጅም ይሆናል።

እናትሽ መቼ ትመጣለች ብላ ጠይቃኛለች። አላውቅም ብያታለሁ።

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽመን።

ፈንታነሽ

•

ቤይሩት
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ፈንታነሽ

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? በእንግድነት አገር ሆኜም ቢሆን በጸሎት አስብዎታለሁ፤ አንቱም አይርሱኝ።

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ማዳም መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ስመላለስ ነበር። ልጆቿ ካናዳ ናቸው፤ ከእኔ በቀር የሚያነሳት የለም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ማዳም ባትወድቅም መዘግየቴ አይቀርም ነበር። እንዴት እንደምጽፈው ቸግሮኝ ነው።

ፊልሞቹ ሁሉ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። አንዲት የከተማ ሴት ለሥራ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ትሄዳለች። በረዶ ይወርዳል። እዚያ እንጨት የሚፈልጥ ወይም ዳቦ የሚጋግር አንድ ሰው አለ። መጀመሪያ ይጣላሉ፤ ገና ሲደርስ ይዋደዳሉ። ዓለምነው ግን አገሩን ሁሉ ወደ እኛ ያመጣዋል። በረዶ ያለበት ቦታ ሁሉ ጉና ነው። ሰውየው ሰማዩን እያየ፣ “ይኼ አመዳይ ዘንድሮ ገብሱን ጨረሰው” ይላል። ከተማ የቀረው ሀብታም እጮኛ ሁልጊዜ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሊሳሳሙ ሲሉ በወፍራም ድምፅ፣ “ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ” ይላል። ማን እንደሚናገር አይታወቅም፤ አንዳንዴ ውሻው ነው።

በየፊልሙ ደግሞ አንዲት እናት አለች፤ የሰውየው እናት። ፀጉሯ ነጭ ነው፣ ኬክ ታቀርባለች። እትዬ፣ እሷ አንቱ ነዎት። አንቱን አስመስሎ ነው የሚናገርላት። ልጇ ሊወጣ ሲል፣ “ጋቢ ሳትደርብ ወዴት ነው? ሰው አይቶ እናት የለውም ይበል?” ትለዋለች። ሲተክዝባት፣ “ምነው ፊትህ ተልጦ የተረሳ ድንች መሰለ?” ትለዋለች። ልጅቷን መጀመሪያ ቤት ይዞ ሲመጣማ፣ ፈረንጂቷ እናት ኬኩን ቆርሳ እየሰጠች፣ አፏ ሌላ እየተናገረ፣ ዓለምነው በአንቱ ድምፅ፣ “ቆንጆ ናት። አያቷ ማን ነው?” ይላል። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ አብረን እንላለን። አማርኛዋ የማይጠራ የሀዲያ ልጅ አለች፤ እሷም ትላለች።

እኔ ቤትዎ ስለኖርሁ ከሁሉም ቀድሜ አወቅሁት። የመጀመሪያውን ቀን ስሰማ ልብስ እየተኮስሁ ነበር፤ ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

የተቆጡ እንደሆነ በእኔ ይቆጡ፤ በሱ አይቆጡ።

ልጅዎ ለተሥላሴ

•

ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለለተሥላሴ

ሰላምሽ ይብዛ። ማዳምሽንም ይማራት፤ የአጥንት ስብራት በዚህ ዕድሜ ቀላል አይደለም። የተልባ ውኃ ይስማማት እንደሆነ ሞክሪላት።

አልተቆጣሁም። መጀመሪያ አላመንሁም። ዓለሚቱን ጠርቼ፣ “እኔ አያቷ ማን ነው እላለሁ?” አልኋት። በእጇ የያዘችውን ማሰሮ አስቀመጠች። “ፈንታዬ፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል” አለችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሳልፍ፣ “እማማ፣ አያቷ ማን ነው?” እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ ደህና ዋሉ ብዬ አልፍ ነበር። ከሰኔ ወዲህ አይሉኝም። ለምን እንደተዉት አሁን ገባኝ።

አሁን ሌላ ነገር ገጥሞኛል። ዓለምነው ሳይጨርሰው የሞተ አንድ ፊልም አለ። ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሙላቴ ይህን ያውቃል። የሙት ዓመቱን ቃል ሰጥቶኝ ሳለ፣ ሰው ለገና አዲስ ነገር ይጠይቀኛል ብሎ ደጋግሞ መጣብኝ። እምቢ አልሁት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ላከብኝ።

የመጡት የእድራችን ዳኛ አቶ ካሴና የንስሐ አባቴ አባ ወርቁ ናቸው። ሙላቴ ከኋላ ቆሟል። ተቀመጡ ብላቸው አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን አሉ። አቶ ካሴ በትራቸውን ተደግፈው፣ “እንግዲህ የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን...” ብለው ጀመሩና ቆሙ። ለካ ለሽምግልና ሌላ አጀማመር አያውቁም። አባ ወርቁ ሳሉ። “ማለቴ፣ ፊልማችሁን ለሱቃችን” አሉ አቶ ካሴ።

“በፊልም ሽማግሌ ይላካል?” አልሁ።

“በየፊልሙ ሽማግሌ ይላክ እያለ ያስተማረን እሱ ነው እኮ፣ እትዬ” አለ ሙላቴ።

“አንተ ዝም በል፣ ሙሽራ አይናገርም” አሉት አቶ ካሴ።

ምን እንደሆነ ሳናየው አንፈርድም ስላሉ ላፕቶፑን አወጣሁ። ሙላቴ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ተቀመጥሁ፤ የማየው ሰዎቹ የሆነ ነገር ሲሉ ዞር እያልሁ ነው። ቀይ ሻንጣ የያዘች ሴት ከመኪና በረዶ ላይ ትወርዳለች። ሰውየው የጥድ ዛፍ ይሸጣል። እናቱ በሩ አረንጓዴ የሆነ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ከተማው ጉና ነው፤ እንዳልሽው።

መሳሳሙ ሲቃረብ አባ ወርቁ፣ “ጾም ነው” ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። ትንሽ ቆይተው፣ “አለፈ?” አሉ።

“ገና ነው፣ አባ” አለ ሙላቴ።

“አሁንስ?”

“እየተያዩ ነው።”

“መተያየት እንኳ ምንም አይደል” ብለው ገለጡ።

እናቲቱም መጣች። ራሴን ሰማሁ። አቶ ካሴ እኔን እንዳያዩ ጣሪያውን ያዩ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ መቆሚያ ቆማ ሳለች ድምፁ አለቀ። ፈረንጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ቀጠሉ። ሙላቴ ዘጋው።

ድምፁ ከዓለምነው የሚቀራረብ ልጅ አለ፣ ቀሪውን እሱ ይሙላው አለኝ። አይሆንም አልሁት። “እንዲህ ተቆርጦ ብሸጠው ሰው ፍላሹን ፊቴ ላይ ይወረውረዋል” አለ። አቶ ካሴ ወዲህም ወዲያም ሲሉ ቆዩ። አባ ወርቁ፣ “ለማንኛውም እስከ ገና ማንም አያየውም፤ እስከዚያ ታስብበት” ብለው አስነሷቸው።

ለአንቺ የምነግርሽ ለእነሱ ያልነገርኋቸውን ነው። የቀሩትን ፊልሞች ሰው ሁሉ ሰምቷቸዋል። ይህን ማንም አልሰማውም። ሳጥኑ ውስጥ ሳለ ዓለምነው ገና የሚናገረው ነገር አለው ማለት ነው። ከወጣ ያበቃል።

ይህን ፊልም ታውቂው ይሆን? የምታውቂው ከሆነ መጨረሻው ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። ምን ብሎ ሊናገር እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

አምላክ ይጠብቅሽ።

ፈንታነሽ

•

ቤይሩት
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ፈንታነሽ

እግዚአብሔር ብርታትዎን አይንሳዎ። ማዳም ከሆስፒታል ወጥታለች። በዱላ መቆም ጀምራለች። የተልባውን ውኃ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ ግን ጠጣችው። የነሱ ገና ባለፈው ሐሙስ አልፏል።

ፊልሙን አውቀዋለሁ። ለዓለምነው የላክሁለት እኔ ነኝ። ማዳም በየዓመቱ የምታየው ፊልም ነው። ባለፈው ሚያዝያ፣ “ይኼን በአንተ አፍ ልስማው” ብዬ ላክሁለት። “ወረፋ ያዢ” ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ታመመ ሲባል ሰማሁ። እንደጀመረው አላውቅም ነበር። ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ እስኪሪቢቶ ለማንሳት ቀናት ፈጀብኝ።

መጨረሻው ይህ ነው። ሴትዮዋ ቀዩን ሻንጣ አውቶቡስ ላይ ታስጭናለች። ሹፌሩ ሞተሩን ያስነሳል። ሰውየው ኮት ሳይለብስ እየሮጠ ይደርሳል። “ለምን መጣህ?” ትለዋለች። “ረስተሽ የሄድሽው ዕቃ አለ” ይላትና የእጅ ጓንቷን ይሰጣታል። ስታየው አንድ እጅ ብቻ ነው። “ሌላውስ?” ትለዋለች። “ሌላው እኔ ጋ ይቆያል፤ ልትወስጂው ትመለሻለሽ” ይላታል። እሷ ትንሽ ታስብና ሹፌሩን፣ “ሻንጣዬን አውርድልኝ” ትለዋለች። ሹፌሩ ይነጫነጫል። ከዚያ ሁለቱ በእግር ወደ አረንጓዴው በር ይመለሳሉ፤ በረዶ ይወርዳል፤ ያልቃል። ትልቅ ነገር አይደለም። ፊልሙ ሁሉ እንዲህ ነው።

ዓለምነው በዚህ ላይ ምን ብሎ እንደሚጨምር እኔም ደጋግሜ አስቤ ነበር። አላገኘሁትም።

ማዳም ይህን መጨረሻ በቃሏ ታውቀዋለች። ሆኖም በየዓመቱ ጓንቱ ጋ ሲደርስ፣ “ለቲ፣ ነይ ነይ፣ ደረሰ” ብላ ከኩሽና ትጠራኛለች። ዘንድሮ አልጋ ላይ ሆና አየችው። ያው ቦታ ላይ ሳቀች፣ ዳሌዋን አመማትና ተራገመች፣ እንደገና ሳቀች። ይህን የጻፍሁት አንቱን ለማግባባት አይደለም። ፊልሙን እንደፈለጉ ያድርጉት። እኔ ሳልሰማው ብቀርም አልከፋም።

እናቴን፣ ማዳም በእግሯ እስክትሄድ ነው ብለው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ለተሥላሴ

•

ደብረ ታቦር
ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለለተሥላሴ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። የዘንድሮውን በባዕድ አገር ያዋለሽ የከርሞውን ከእናትሽ ጋር ያውልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ገለበጥሁት። አንቺ የጠየቅሽው መሆኑን ሳውቅ ሳጥን ውስጥ መቀመጡ ለማን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሙላቴን አስጠርቼ ላፕቶፑን ሰጠሁት። ሌላ ሰው ድምፁን እንዳያስገባበት፣ ዓለምነው ያቆመበት ላይ እንዳለ እንዲተወው ነገርሁት። ሰው ቢጣላኝስ አለ። ያኔ ወደ እኔ ላካቸው አልሁት።

የገና ዕለት ጸጥ ያለ ነበር። ጾሙን ዓለሚቱ አስፈታችኝ፤ አንድ ሁለት ጉርሻ በላሁ። ከሰዓት በኋላ አቶ ካሴ፣ ሐዘንተኛ በበዓል ብቻውን አይውልም ብለው ልጃቸውን ላኩብኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው። ዓለሚቱ ይዛኝ ሄደች።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው። መንገዱን የምታውቂው ነው፤ ኮረኮንች ነው፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። ዓለምነው በየቤቱ ነበር። በአንዱ ቤት ሴትዮዋ ገና ከመኪና እየወረደች ነው። ከሱ ቀጥሎ ባለው እናቲቱ ጋቢ ድረብ እያለች ነው። ወደ ላይ ስንደርስ አንድ ቤት ውስጥ ሰዎች፣ “ተበላሸ፣ ንኩት” ይላሉ፤ እዚያ አልቋል ማለት ነው። ዓለሚቱ እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። እንድንመለስ ጠየቀችኝ። ደርሰናል እኮ አልኋት።

አቶ ካሴ ቤት አባ ወርቁ ነበሩ፤ ሙላቴ ነበረ፤ ጎረቤቶችም ነበሩ። እኔን ሲያዩ ቴሌቪዥኑን ሊዘጉ ተነሱ። “ተዉት፣ ልጄ ነው የሚናገረው” አልሁ። በር አጠገብ ቦታ ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሬ ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም፤ ለእኔ ብለው ነው። ውሻው፣ “መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ” ሲል ግን አባ ወርቁ አመለጣቸው። ከዚያ ሌላውም ሳቀ። እኔ ቃሉን እሰማ ነበር። ልጄ ደህና ተናጋሪ ነው። ሴትዮዋን ጥሩ አድርጎ ይዟታል፤ ስትቆጣ ንግግሯን የዓለሚቱን ያስመስለዋል። ዓለሚቱ ይህን አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኋትም።

አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ድምፁ ቆመ። የአቶ ካሴ ባለቤት ቴሌቪዥኑ ያጠፋው መስሏቸው ሪሞቱን አንስተው ከፍ ከፍ አደረጉት፤ ፈረንጆቹ ቤቱን በጩኸት ሞሉት። አቶ ካሴ ከእጃቸው ወስደው ቀነሱት። ሙላቴ መሬት መሬት ያያል። ሰውየው እየሮጠ መጣ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ማንም አያውቅም ምን እንደሚሉ።

እኔ አውቅ ነበር።

“ለምን መጣህ አለችው” አልሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“እሱስ?” አለች ዓለሚቱ።

“ረስተሽ የሄድሽው ዕቃ አለ አላት። ጓንት ነው። አንድ እጅ ብቻ ነው የሰጣት።”

“ሌላው የት ሄደ?” አሉ አባ ወርቁ።

“እኔ ጋ ይቆያል፣ ልትወስጂው ትመለሻለሽ አላት።”

“ብልጥ ነው” አሉ አቶ ካሴ። “አሁን ሹፌሩ ምን ይላል?”

“ሻንጣ አውርድ ስትለው ይነጫነጫል።”

“ይነጫነጫላ፣ ሰዓቱ ሄዶበት” አለ ሙላቴ።

እንዲህ እያልን መጨረሻው ደረሰ። ሁለቱ ወደ አረንጓዴው በር ሲመለሱ በሩ ተከፈተ፤ እናቲቱ ወጥታ ቆመች፤ አንድ ነገር ተናገረች። ይህን አንቺ አልጻፍሽልኝም። ማዳምሽ በዚያ ሰዓት እየሳቀች ስለሆነ ሳትሰሚው ቀርተሽ ይሆናል።

“እናትየዋስ ምን አለች?” አለች ዓለሚቱ።

የሚጠብቁት እኔን ነው።

“እግራችሁን ጥረጉና ግቡ፤ እራቱ ቀዝቅዟል” አልሁ።

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሰኔ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን የሳቅሁት በቃሉ አልነበረም። ስናገረው ከአፌ የወጣውን ሰማሁት፤ የኔ ድምፅ አልመሰለኝም። እኔን የሚያስመስለው የሱ ድምፅ ነበር።

ፊልሙን ሙላቴ ዛሬ በዓለሚቱ ስልክ ይልክልሻል። እሑድ ስትሰበሰቡ እዩት። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ለልጆቹ ምን እንደተባለ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ፤ እናቲቱ ያለችውንም አሁን ታውቂያለሽ።

የሰላም አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን።

ፈንታነሽ፣ የዓለምነው እናት